የቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መቆጣጠሪያውን ወደ ማሽኑ አቀረብነው

ክበባችን ዘንድሮ የከረመው አንድ ሥራ ላይ ነው። በኮምፒውተር ለሚታዘዘው የእንጨት መቅረጫ (ሲኤንሲ) ማሽን በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ገጠምን። ፔንዳንት ይባላል፤ ተማሪዎቹ ግን ሪሞት ነው የሚሉት።

ለምን ይህን እንደመረጥን ልንገራችሁ። የማሽኑ ኮምፒውተር ያለው ግድግዳው ጥግ ነው። መቁረጫው ያለው ደግሞ ጠረጴዛው መሀል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢቱ፣ ማለትም የሚቆርጠው ስለት፣ ጣውላውን መንካት አለበት። ስለዚህ አንድ ልጅ ኪቦርድ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው አጎንብሶ ያያል። «ትንሽ አውርድ፣ አሁንም ትንሽ፣ በቃ በቃ!» ይላል። «በቃ» እስኪሰማ ቢቱ ጣውላው ውስጥ ገብቷል። ይሰበራል። ምትኩን ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። የ9ኛ ክፍል ልጆች ማሽኑን ይሸሹት የነበረው በዚህ ነው። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነበር።

ፔንዳንቱ ፊቱ ላይ መዘውር አለው። መዘውሩ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 100 ጊዜ ቀጭ ይላል። ከላዩ ሁለት መምረጫዎች አሉ። አንዱ ማሽኑ የሚሄድበትን አቅጣጫ (አክሲስ) ይመርጣል፦ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ዜድ። ሌላው ማሽኑ በአንድ ቀጭታ ምን ያህል እንደሚሄድ ይወስናል፦ 0.001፣ 0.01 ወይም 0.1 ሚሊ ሜትር። 0.001 ለእንጨት ማሽን ብዙም ትርጉም የለውም፤ ብረት ለሚቆርጥ ግን ያስፈልጋል። ጎኑ ላይ ቀይ የድንገተኛ ማቆሚያ አለ።

ገመዱ ሲከፈት ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ወጡ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አወጣን፦ ቀለም አናምንም። የሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቴስተር ይዛ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። መምረጫው ሲዞር የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በሠንጠረዥ ጻፈች። ያ ሠንጠረዥ ባይኖር ኖሮ ቀሪው ሥራ ሁሉ ግምት ይሆን ነበር። ቮልቴጁንም አየን። መዘውሮች በ5 ቮልት የሚሠሩም፣ በ12 ወይም በ24 የሚሠሩም አሉ። የእኛው ባለ 5 ነው፤ ከኮምፒውተሩ ማያያዣ (ፖርት) ጋር ይስማማል።

ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፣ ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጠቀማል። ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ባለ 25 ፒን በሆነው የድሮ የፕሪንተር ፖርት ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ፖርት 12 መውጫና 5 መግቢያ ብቻ አለው። ፔንዳንቱ ለመዘውሩ ሁለት፣ ለመምረጫዎቹ ስድስት መግቢያ ይፈልጋል። አልበቃንም። ሁለተኛ የፖርት ካርድ ጨመርንና ፕሮግራሙ መረጃ መቀበያ አድርጎ እንዲጠቀምበት አዘዝነው። ያኔ 13 መግቢያ አገኘን። በየመግቢያው ላይ ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር በስታኞ በየድን፤ አለበለዚያ ክፍት የሆነ መግቢያ ዜሮ ይሁን አንድ አይታወቅም።

ስለ ቀዩ ቁልፍ ብዙ አወራን። ማውራትም ነበረብን። ሳይጫን ዝግ፣ ሲጫን ክፍት የሚሆነውን ኮንታክት መረጥን። ማሽኑ ላይ ከነበረው ማቆሚያ ጋርም በተከታታይ አያያዝነው። አንድ ልጅ «ሲጫን የሚገናኘው አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚያ አሠራር ገመዱ ተበጥሶ ቢሆን ቁልፉን ብትጫን ምንም አይሆንም፣ መበጠሱንም የምታውቀው በጭንቅ ሰዓት ነው። በእኛ አሠራር ገመዱ ከተበጠሰ ማሽኑ ወዲያው ይቆማል። ይህን ሁሉም እንዲያየው ማሽኑ እየሠራ የፔንዳንቱን ሶኬት ነቀልነው። ቀጥ አለ።

ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ገባን። ዓመቱን ሙሉ ደስ ያለኝ ክፍል ይህ ነው። መዘውሩን በ0.01 ላይ አድርገን አንድ ዙር አዞርነው። 1 ሚሊ ሜትር መሄድ ነበረበት፤ 4 ሄደ። ልጆቹ መልሱን ራሳቸው ደረሱበት። መዘውሩ ሁለት ምልክት ነው የሚልከው፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ። አቅጣጫው የሚታወቀው የትኛው እንደቀደመ በማየት ነው። ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ቀጭታ አራት ጊዜ ይቀያየራሉ፣ ፕሮግራሙም አራቱንም ይቆጥራል። በአንድ ቀጭታ አንድ ብቻ እንዲቆጥር ስናደርገው ልኩ መጣ።

ሌላም ነገር ገጠመን። መጀመሪያ ማሽኑ እንደተከፈተ መዘውሩ ምንም አይሠራም ነበር። ሊኑክስ ሲኤንሲ ማሽኑ መነሻ ቦታውን ሳያገኝ በፊት ሞተሮቹን በተናጠል ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ካገኘ በኋላ ደግሞ በአክሲስ። እኛ ያያያዝነው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ሁለቱንም ስናያይዝ ሠራ። የመቁረጫው ሞተር ሲነሳ ደግሞ የመዘውሩ ቆጠራ በራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፔንዳንቱን ገመድ ከሞተሩ ገመድ አራቅነው፣ የገመዱን የብረት ሽፋንም በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት አስያዝነው። መንቀጥቀጡ ጠፋ።

የዓመቱ ምርጥ ሐሳብ የመጣው ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በ0.1 ላይ መዘውሩን በፍጥነት ካዞርክ፣ እጅህን ካነሳህም በኋላ ማሽኑ የቀረውን ቆጠራ ለመጨረስ ይሄዳል። ያስደነግጣል። ፕሮግራሙ ውስጥ መዘውሩ ሲቆም ማሽኑም እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ነገር ግን አንዳንድ ቆጠራ ይጠፋል፣ ልኩ አይታመንም። ተማሪው የ0.1ን ሽቦ ከዚያ ምርጫ ጋር አገናኘው። አሁን በትልቁ እርምጃ መዘውሩ ሲቆም ማሽኑ ይቆማል፣ በትንንሾቹ ላይ ደግሞ ልኩ ሳይጎድል ይሄዳል። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ኮራሁበት።

አሁን የ9ኛ ክፍል ልጆች ዜድን የሚያስተካክሉት ቢቱ ሥር ወረቀት አድርገው ነው። አንድ እጅ ወረቀቱን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው መዘውሩን በ0.01 ያዞራል። ወረቀቱ ሲያዝ ያቆማሉ። ጩኸት የለም። የቢት ስብራትም በጣም ቀንሷል።

የሽቦዎቹ ሠንጠረዥ በኮንትሮል ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። የፕሮግራሙ ፋይል ቅጂ ቤተ መጻሕፍት አለ። የፔንዳንቱ መምረጫ አራተኛ ቦታ አለው፣ ገና አልተያያዘም። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሽከረከር አክሲስ ልንጨምርበት አስበናል። መግባት የምትፈልጉ ክፍል እንደተጀመረ ወርክሾፕ ኑ፤ ብየዳ መቻል ግዴታ አይደለም።