የተደረደሩት ሣጥኖች ጉዳይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የታዋቂ ተዋንያን ዜና ሲወጣ አለባበሳቸውና ትዳራቸው ቀድሞ ስለሚነሣ፣ አሜሪካዊቷ ማሪስካ ሃርጊቴይ ለጥቃት ሰለባዎች የሠራችው ሥራ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ቀርቷል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን ድራማ የወሲብ ጥቃትን የምትመረምር ፖሊስ ሆና ስትጫወት፣ ብዙ ተመልካቾች ለማንም ያልተነፈሱትን በደል በደብዳቤ ይገልጹላት ነበር፤ እሷም አንብባ ከማዘን አልፋ ተጎጂዎችን ለማማከር የሚያበቃ ሥልጠና ወሰደች፣ በ2004ም ተጎጂዎችን የሚደግፈውን ጆይፉል ሃርት ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት አቋቋመች።

ከሁሉ የሚልቅብኝ ግን የናሙናዎቹ ጉዳይ ነው። ተጎጂዋ ገና ከድንጋጤዋ ሳትወጣ፣ ሰዓታት በሚፈጅ ምርመራ ከገላዋና ከልብሷ የተሰበሰበው ማስረጃ በሣጥን ታሽጎ ለፖሊስ ከተሰጠ በኋላ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ዓመታት ያስቆጥር ነበር። በ2009 በአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት ውስጥ በአንድ የፖሊስ መጋዘን ከ11 ሺህ በላይ ያልተመረመሩ ሣጥኖች ተደርድረው ተገኝተዋል፤ ይህ ደግሞ ቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ በደል ነው። ድርጅቷ እያንዳንዱ ናሙና እንዲመረመር የሚያስገድድ ሕግ በየክፍለ ግዛቱ እንዲወጣ ያለመታከት ወትውቷል።

እሷ ራሷ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ በጓደኛዋ መደፈሯን በይፋ የጻፈችው በ2024 መሆኑን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። ስለዚህ ወደፊት ስለ እሷ ስትጽፉ እነዚያን ሣጥኖች እንድታነሡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ