ዘይቱን አታሳድረው

ሰበታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህትህ እሑድ መጥታ፣ ቱሉ ዲምቱ የከፈትካት የሳምቡሳና የችፕስ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ሰው እንደማያጣት ስትነግረኝ ደስታዬን የምገልጥበት ቃል አጣሁ። ወዲያው ግን የሐሙሱ ዘይት ቅዳሜም እሳት ላይ እንደነበረና መልኩም የቡና አተላ እንደሚመስል ጨመረችልኝ። እሷን እንዳትቆጣት፤ ስለምትሳሳልህ ነው የነገረችኝ። አንተ ግን ዘይቱን አታሳድረው።

ስብ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጠን፣ ያንኑ ያህል ስኳር ወይም ፕሮቲን የሚሰጠን 4 ብቻ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ ከአንጀት በወጉ ወደ ሰውነት አይገቡምና፣ እናትህ ጎመኑ ላይ ጠብ ታደርጋት የነበረችው ዘይት ለጣዕም ብቻ አልነበረችም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኮሌስትሮል እንኳ ጉበታችን ራሱ የሚሠራው፣ የሴሎቻችን ሽፋን የሚጸናበት፣ ሐሞትና አንዳንድ ሆርሞኖች የሚሠሩበት ነገር ነው።

ጥፋቱ የሚመጣው እኛ ዘይቱ ላይ በምናደርሰው ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ የተባለው ፋቲ አሲድ፣ ማለትም ስብ የሚሠራበት የካርቦን ሰንሰለት ሲሆን፣ በሰንሰለቱ ላይ ሁለት ድርብ ቦንዶች፣ ማለትም በካርቦኖቹ መካከል ያሉ ጥንድ ማያያዣዎች፣ አሉት። እንዳይረጋ የሚያደርጉት፣ በቅቤ ፋንታ ሲበላም ለልብ የሚስማማ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፤ ሲግል ግን ኦክስጅን የሚገባውም በእነዚሁ በኩል ነው። ዘይቱ በተጣደ ቁጥር አየሩ፣ እሳቱና ከድንቹ የሚወጣው ውኃ ተባብረው ይሰባብሩታል፤ አልዲሃይድ የሚባሉ ጎጂ ነገሮች ይፈጠራሉ፣ ሌላው ቁርጥራጭ ደግሞ እርስ በርሱ እየተያያዘ ዘይቱን ያወፍረዋል። አረፋው አልጠፋ ሲልህ፣ ጭሱ ቶሎ ሲነሣ፣ ጣትህ ላይ ሲያጣብቅህ ያየኸው ይህንኑ ነው። በነጠላ ጨርቅ ማጥለልህ ፍርፋሪውን ያወጣል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም። በጀርመን የምግብ ቤት ዘይት በመሣሪያ እየተለካ የተበላሸው ክፍል 24 በመቶ ሲያልፍ ይወገዳል፤ አንተ መሣሪያው የለህምና አታሳድረው።

እኔ ግን ይህን ልነግርህ የሚገባኝ ዛሬ አልነበረም። ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የፋቲ አሲድ ሰንሰለት እየሣልኩ ኬሚስትሪ ሳስተምር ውዬ፣ ማታ ስገባ እናትህ በራችን ላይ ቦምቦሊኖ ትጠብስ ነበር። ያ እጀታው የተሰበረው ድስት ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ሙጫ የደረቀ ቡናማ ነገር ነበረው፤ አንተ በጥፍርህ እየፋቅህ ትጫወትበት ነበር። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ማታ ልደፋው አንሥቼው፣ «እባክህ፣ እስከ ቅዳሜ እንኳ ያድርሰን» አለችኝ። የወሩ ደመወዜ አልቆ ስለነበር መልሼ አስቀመጥኩት፤ ያልተሸጠውንም ጠዋት ለአንተና ለእህትህ ቋጠርንላችሁ። በኋላ ልቧን ስትታመም ሐኪሙ ከዘይቱ ነው አላለም፤ የቆየ ደም ግፊት ነበረባትና እኔም አልልም። ነገር ግን ያን ድስት መልሼ ያስቀመጥኩበት እጄ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

አሁን የምልህን አድርግ። ሰፊውን መጥበሻ ተውና ጠበብና ጠለቅ ያለ ድስት ግዛ፤ በትንሽ ዘይት ይሠራልሃል። በአሮጌው ላይ አዲስ አትጨምር፤ ጨውም ከእሳት ካወጣኸው በኋላ ይሁን። የኑጉን ለወጥ ተወው። የሚረጋው የፓልም ዘይት እሳት ይችላል ይሉሃል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ ኤልዲኤል የተባለውን፣ ሲበዛ የደም ሥር የሚያጠበውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ እሱም ቢሆን አይደር። የተረፈውን ሳሙና ለሚሠሩ ስጥ እንጂ ቱቦ ውስጥ አትድፋ። ራስህም የእናትህን ነገር አስበህ የደም ስብህን ተመርመር፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለው በደምህ የሚዞረው ስብ በዴሲሊትር ከ150 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት፣ እሱን ደግሞ ጥብሱ ብቻ ሳይሆን ስኳሩና ቢራውም ያንሩታል።

ዘይት ተወዷል እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሳምቡሳው ላይ ጥቂት ሳንቲም ጨምር። ከአንተ የሚበሉት የሕንፃ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው፤ ለእነሱ ያ ምሳቸው ነው፣ በየቀኑም ይመላለሳሉ፤ ዘይቱን አይተው የሚመርጡበት ዓይን ግን የላቸውም፣ ከጓዳ ነውና። ልጄ ሆይ፣ አታሳድረው።

ከጡረታዬ የቆጠብኩትን፣ አምስት ሊትር የሚገዛልህን ያህል፣ በእህትህ እጅ ልኬልሃለሁ። ስትደርስ የዛሬውን ፊቷ ከድስቱ አውጥተህ በአዲሱ ጀምር።

ናፋቂህ አባትህ