ከጠረጴዛው ማዶ ለእኛ ማን ተቀመጠልን?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እትማችሁ ስለ ቨርጂኒያ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የካውንቲ (የአካባቢ መንግሥት) እና የትምህርት ቤት ሠራተኛ በዩኒየን (በሠራተኛ ማኅበር) በኩል መደራደሩን የሚቃወም ሁሉ የሠራተኛ ጠላት ነው ይሉናል። እኔ ፌርፋክስ ካውንቲ የምኖር፣ ሪፐብሊካን የምመርጥ ሐበሻ ነኝ፤ ጠላት የተባልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ መልስ ቢኖረኝ ቅር አይበላችሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ ዩኒየን የሚባል ነገር አልወድም አልልም። ከብዙ ወገኖቻችን ጋር ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ አባል ነበርኩ፤ መዋጮዬንም ሳልማረር ከፍያለሁ። እዚያ ከፊታችን የሚቀመጠው የኩባንያው ሰው ነው። ገንዘቡ የኩባንያው ስለሆነ ለእያንዳንዷ ሳንቲም ይከራከራል። አብዝቶ ከሰጠ ይከስራል፣ እኛም አብዝተን ከጠየቅን ሥራችንን እናጣለን። ሁለቱም ወገን የሚፈራው ነገር ስላለ በመጨረሻ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ይሄ ጤነኛ ድርድር ነው።

ካውንቲ ግን እንደ ኩባንያ አይከስርም። ገንዘብ ሲያጥረው ታክስ ይጨምራል። ከሠራተኛው ማኅበር ፊት ለፊት የሚቀመጠው ወገን አለቆች ደግሞ ካውንቲውን የሚያስተዳድሩት ሱፐርቫይዘሮችና ትምህርት ቤቶቹን የሚመራው የስኩል ቦርድ አባላት ናቸው፤ ሕዝብ የመረጣቸው እነሱን ነው። በምርጫ ጊዜ ድጋፍ የሰጣቸው፣ ገንዘብ ያዋጣላቸው፣ በር ለበር ዞሮ የቀሰቀሰላቸው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያው ማኅበሩ ነው። ለጋብቻ ድርድር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ከሙሽራዋ ወገን ቢሆኑ ጥሎሹ ስንት እንደሚሆን አስቡት። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ለከፋዩ የሚከራከር ስለሌለ ነው።

ይህን የሚለው ወግ አጥባቂ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ የዴሞክራቶቹ ጀግና፣ በ1937 ለፌደራል ሠራተኞች ማኅበር መሪ በጻፉት ደብዳቤ፣ በግል ድርጅት የምናውቀው የኅብረት ድርድር እንዳለ ተነሥቶ ወደ መንግሥት ሥራ ሊገባ አይችልም ብለዋል። ምክንያታቸውም ቀላል ነው፤ እዚህ አሠሪው ሕዝቡ ነው፣ ሕዝቡ ደግሞ የሚናገረው በመረጣቸው ሰዎችና ባወጣው ሕግ በኩል ነው። የዛሬ ዴሞክራት ይህን ደብዳቤ ባያነሡበት ይመርጣል።

ቨርጂኒያ ለረጅም ጊዜ የሄደችው በዚሁ መንገድ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 በአርሊንግተን ካውንቲ ጉዳይ ላይ፣ ሕግ አውጪው ካልፈቀደ የአካባቢ መንግሥት ከዩኒየን ጋር የኅብረት ስምምነት መፈራረም አይችልም ብሎ ወሰነ። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ። በ2019 ምርጫ ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሲይዙ በሚቀጥለው ዓመት ሕጉን ለወጡት፤ ከግንቦት 2021 ጀምሮ እያንዳንዱ ካውንቲና ከተማ በራሱ ውሳኔ መደራደር ይችላል ተባለ። እነማን ፈጥነው ገቡበት? አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ላውደን። እኛ የምንኖርባቸው ናቸው። በ2025 ደግሞ ይህን በግዛቲቱ ሁሉ ለማስፋት ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ገዥው ግሌን ያንግኪን ውድቅ አደረጉት። አሁን ያንግኪን የሉም፤ በቨርጂኒያ ሕግ ገዥ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መመረጥ አይችልም። ስለዚህ ጉዳዩ ገና አላለቀም።

የትምህርት ቤቱን ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። በቨርጂኒያ ስኩል ቦርድ ታክስ የመጣል ሥልጣን የለውም። ደመወዙን የሚደራደረው ስኩል ቦርዱ ነው፣ ገንዘቡን ከእኔና ከእናንተ ቤትና መኪና ላይ የሚሰበስቡት ግን ሱፐርቫይዘሮቹ ናቸው። ከፌርፋክስ ካውንቲ በጀት ግማሽ ያህሉ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ቃል የሚገባው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላ። ዕዳው ሲመጣ ሁለቱም ጣት ይቀሳሰራሉ፤ የስኩል ቦርዱ ሰው «ካውንቲው ከለከለን» ይላል፣ የካውንቲው ሰው «እኛ አልፈረምንም» ይላል፣ በዚህ መሀል የታክስ ሂሳቡ ቤት ድረስ የሚመጣለት ሰው አቤት የሚልበት ያጣል።

አሁን ወደ ሬስቶራንቶቻችን ልምጣ። በ1992ም በ2016ም የፌርፋክስ ሕዝብ በሬስቶራንት ምግብ ላይ ተጨማሪ ታክስ ይጣል ወይ ተብሎ ተጠይቆ አልፈልግም ብሏል። ሁለት ጊዜ! በ2020 ሪችመንድ ያለው የግዛቲቱ ምክር ቤት ካውንቲዎች ሕዝቡን ሳይጠይቁ እንዲጥሉት ፈቀደ። በ2025 የፌርፋክስ ሱፐርቫይዘሮች 4 በመቶ ጣሉ፤ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይከፈላል። ከነበረው 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ጋር 10 በመቶ ሆነ። እዚሁ ፌርፋክስ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያለ ሬስቶራንት ገብታችሁ አንድ በየዓይነቱና አንድ ጥብስ ብታዙ ሂሳቡ ላይ ታዩታላችሁ። ማኅበሩ ነው ይህን ያስወሰነው አልልም፤ የበጀት ጉድለት ብዙ ምክንያት አለው፣ ባዶ የቀሩት ቢሮዎችም አንዱ ናቸው። የምለው ሌላ ነው። ወጪው በዝግ በር ድርድር ለዓመታት ይታሰራል፣ ገቢው ደግሞ ሕዝቡ እምቢ ካለበት ቦታ ይመጣል። እንጀራ ሻጯን ወክሎ እዚያ የተቀመጠ ማን ነበር?

ምርጫው ነው ዋናው። ቨርጂኒያ ገዥዋንም፣ ምክር ቤቷንም፣ ሱፐርቫይዘሮቿንም የምትመርጠው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ነው። ከፌርፋክስ አሥር ሱፐርቫይዘሮች ዘጠኙ ዴሞክራት ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ኅዳር ላይ የምናየው ምርጫ ፎርማሊቲ ነው፤ ነገሩ የሚያልቀው ሰኔ ላይ፣ ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት በፕራይመሪው ነው። ሰኔ ላይ ማን ይመጣል? ደመወዙ የሚወሰንበት ሰው ይመጣል። አልወቅሰውም፣ እኔም ብሆን እመጣ ነበር። የእኛ ሰው ግን ትራምፕ ወይስ ሃሪስ ሲባል ተሰልፎ መርጦ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤትና ስለ ሱቁ ታክስ የሚወሰንበት ቀን መኖሩን እንኳ አይሰማም። በቨርጂኒያ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም፤ ሪፐብሊካን ብትሆኑም በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ መምረጥ ትችላላችሁ። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ አላመኑኝም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ ይህን ጨዋታ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በእነሱ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ የመምህራኑ ማኅበር «አፕል ባሎት» የሚባል፣ የፖም ምልክት ያለበት ወረቀት ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ያድላል። የስኩል ቦርድ ተወዳዳሪዎች ስም አጠገብ ፓርቲ አይጻፍም፤ ሰዎቹን የሚያውቃቸው የለም፤ ስለዚህ ያ ወረቀት እንዳለ ይገለበጣል። አክስቴ «መምህሮቹ የሰጡኝ ነው» ብላ ይዛው ገባች። ሕጋዊ ነው፣ ጎበዝ ዘመቻም ነው። በ2023 የካውንቲው አስተዳዳሪ ለትምህርት ቤት ብለው የቤት ታክሱ ላይ በየ100 ዶላሩ ግምት የ10 ሳንቲም ጭማሪ ሲጠይቁ ግን አክስቴ ናት ደውላ ስትጮህብኝ የነበረችው። ምክር ቤቱ ከግማሽ በታች አወረደው እንጂ።

ዊስኮንሰን ሌላውን መንገድ ሞክራለች። የመንግሥት ሠራተኛ የኅብረት ድርድርን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት እሷ ናት፣ በ1959። በ2011 ስኮት ዎከር የሚባሉ ገዥ «አክት 10» የሚባለውን ሕግ አወጡ፦ ድርድሩ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ይሁን፣ ሠራተኛው ከጡረታ መዋጮው ግማሹን ራሱ ይክፈል፣ ማኅበሩም በየዓመቱ በሚወክላቸው ሠራተኞች ድምፅ ይታደስ። 14 ዴሞክራት ሴናተሮች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብለው ወደ ኢሊኖይ ሸሹ፤ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ማዲሰን በሰልፍ ተጥለቀለቀች። በ2012 ዎከርን ከሥልጣን ለማውረድ ልዩ ምርጫ ተጠራ፤ አሸነፉ። ሕዝቡ ሰልፉን ሁሉ አይቶ ነው የመረጣቸው። በእኔ እምነት ዎከር አንድ ነገር አበላሽተዋል፤ ፖሊስንና እሳት አደጋን ከሕጉ ውጭ አደረጉ። መርሁ ትክክል ከሆነ ለሁሉም ነው፤ ለወዳጅ የሚቀር መርሕ ፖለቲካ ነው። በ2024 መጨረሻ አንድ ዳኛ ሕጉን የሻሩትም ይህንኑ ልዩነት ይዘው ነው።

ኢሊኖይን ደግሞ እዩ። ለመንግሥት ሠራተኛ የተገባው የጡረታ ቃል ኪዳን በሕገ መንግሥቷ ስለታሰረ፣ በ2013 የወጣውን ማሻሻያ ፍርድ ቤት በ2015 ሻረው። ያልተሸፈነው የጡረታ ዕዳ ከ140 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ፈራሚዎቹ አብዛኞቹ ዛሬ ሥልጣን ላይ የሉም።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ፤ በ2018 ማርክ ጃነስ የሚባል የኢሊኖይ መንግሥት ሠራተኛ ክስ አቅርቦ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ሳይስማማ ለዩኒየን ክፍያ አይቆረጥበትም ብሎ ወሰነ። በደርግ ጊዜ ሳይጠየቅ ከደመወዙ መዋጮ የተቆረጠበት ሰው ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

«ታዲያ መምህር በዚህ የቤት ኪራይ ምን ይብላ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ይጨመርለት። ግን ጭማሪው በበጀት ውይይት፣ በአደባባይ፣ እኔም ወላጁም ባለ ሱቁም ሦስት ሦስት ደቂቃ ተናግረን ይወሰን። ጎበዝ የሒሳብ መምህር ደግሞ ከሰነፉ በላይ ይከፈለው። የደመወዝ ስኬሉ የሚቆጥረው ያገለገለበትን ዓመትና ያለውን ዲግሪ ነው፤ ማኅበራቱ ይህን የሙጥኝ ብለው የያዙት ጎበዙን ሊጠቅሙ አይደለም።

በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ለመሆን የተወዳደሩት ዴሞክራት ቴሪ ማክኦሊፍ በክርክር መድረክ ላይ ወላጅ ትምህርት ቤት ምን ያስተምር ብሎ መንገር የለበትም ዓይነት ነገር ተናገሩ። የምርጫው ዋዜማ ሰልፋቸው ላይ፣ እዚሁ ፌርፋክስ፣ የአገር አቀፉ የመምህራን ዩኒየን ፕሬዚዳንት ወጥተው ንግግር አደረጉላቸው። በማግስቱ ተሸነፉ። ያን ጊዜ ብዙ የእኛ እናቶች ወጥተው መርጠዋል፤ ተመዝግቦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ተመልሰን ተኛን።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። ከሚቀጥለው የስኩል ቦርድና የሱፐርቫይዘር ምርጫ በፊት የተወዳዳሪዎቹን ስም በአማርኛ አውጡልን፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማን እንደደገፋቸውና ከማን ገንዘብ እንደተቀበሉ አስቀምጡ። የዘመቻ ገንዘብ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሪፐብሊካኖቹንም ጨምሩ፣ አትዝለሉልኝ። የባለፈውን ጽሑፍ ያቀረቡት ወንድማችን ደግሞ በሚቀጥለው እትም አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ ማኅበሩ ያስመረጠው ሰው ከማኅበሩ ጋር ሲደራደር፣ የሬስቶራንቱን ባለቤት ወክሎ የሚቀመጠው ማን ነው?

አክባሪያችሁ፣
ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ