ከፋይ አይቀነስም፦ የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በግማሽ ዓመቱ ስብሰባ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት «ክበባችሁ ዘንድሮ ምን ሠራ?» ብለው ሲጠይቁኝ ያቀረብኩላቸው አንድ ደብተር ነበር። የስልክ መተግበሪያ ጠብቀው ስለነበር ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በዚያ ደብተር ውስጥ ያለው ሥራ በትምህርት ቤታችን ከተሠሩት ከየትኞቹም አያንስም፤ ይህንንም ዛሬ በዝርዝር ላስረዳ እወዳለሁ።

ዘንድሮ የያዝነው ጉዳይ አንድ ነው። አንድ የፕሮግራም ክፍል ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚሠራ በማያሻማ ቃል ውል እናስራለን፤ ከተጻፈም በኋላ ውሉን መፈጸሙን እንደ ጂኦሜትሪ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ እናረጋግጣለን። ውሉ ሁለት ወገን አለው፦ ጠሪው አሟልቶ የሚመጣው ቅድመ ሁኔታ፣ ፕሮግራሙም ሲጨርስ የሚያስረክበው ድኅረ ሁኔታ። እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ቶኒ ሆር ይህን አካሄድ በሎጂክ ሕግ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

«ሞክረን ካየነው አይበቃም ወይ?» ለሚሉ ተማሪዎቼ የአሪያን 5ን ታሪክ ነገርኳቸው። ይህ ሮኬት እ.ኤ.አ. በ1996 ከፈረንሳይ ጊያና ተወንጭፎ በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከጫናቸው አራት ሳተላይቶች ጋር ወደመ። የአቅጣጫ መለኪያው ፕሮግራም ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር፤ እዚያ ያለ እንከን ሠርቷል። አንድ ቁጥር ግን ከ32,767 እንደማይበልጥ ታስቦ ነበር፣ ገደቡም በፕሮግራሙ ላይ አልሰፈረም። አዲሱ ሮኬት ጉዞው የተለየና ፈጣን ስለነበር ቁጥሩ ከገደቡ አለፈ። ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ሮኬት አወረደ።

ሐሙስ ሐሙስ ከ9፡30 ጀምሮ ተሰበሰብን። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የሎጂክ ምልክቶችን ተማርን፤ የማይለወጥ ነገር ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየትም ገበጣ ተጫወትን፤ ጠጠሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ቢዞር፣ ቢበላም፣ ድምሩ ያው ነው። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ተማሪዎቹ ራሳቸው የእቁብ ፕሮግራም መረጡ።

የመጀመሪያው ውላቸው «ዕጣ የሚወጣለት ሰው አባል ነው» የሚል ብቻ ነበር። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በማግስቱ ሁልጊዜ የዝርዝሩን የመጀመሪያ ስም የሚያወጣ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ውሉን አንድም ቦታ አልጣሰም! ስለዚህ «የወጣለት ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል» የሚል ጨመሩበትና በላቦራቶሪ 200 ጊዜ ሞከሩት። ስም አልተደገመም። ሁሉም ተደሰተ፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ገበያ ወረድን። የአንዷ ተማሪ እናት የምትጥልበት እቁብ ጸሐፊ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሰማያዊ ልባስ ያለው መዝገባቸውን ከሚዛኑ ሥር አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉ። በክበቡ ውስጥ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ውላችንን ከደብተሩ አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟትና እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ የእኔ ልጅ፣ የወጣለት ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል ነው የምትዪው?»

«አዎ እትዬ፣ ድጋሚ እንዳይወጣለት ነው።»

«ከዕጣው ይውጣ እንጂ ከመዝገቡ ማን ያወጣዋል? እስከ መጨረሻው ይጥላል እንጂ! ዋስ የሚጠራው ለምን ሆነና?»

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ እዚያው ቆማ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ማስላት ጀመረች። ሃያ ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል የመጀመሪያው 10,000 ብር ይወስዳል። በእኛ ፕሮግራም ግን የወሰደ ሁሉ ከከፋይነትም ስለሚሰረዝ ሁለተኛው 9,500፣ ሃያኛው 500 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ለዕጣውና ለክፍያው አንድ ዝርዝር ነበር የተጠቀምነው። 200 ጊዜ ስንሞክር ያየነው ስም መደገሙን ብቻ ስለነበር ገንዘቡን ማንም አልቆጠረም።

በቀጣዩ ሐሙስ መብራት አልነበረም። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ጻፈች፦ «የወጣላቸው ሲደመር የቀሩት እኩል ይሆናል አባላት»፤ «ከፋዮች እኩል ይሆናል አባላት፣ ሁልጊዜ»። ሲጀመር የወጣለት ዜሮ ነው፣ ልክ ነው። በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ይቀነሳል፣ ሌላው ላይ አንድ ይጨመራል፤ ከፋይ አይነካም፣ አሁንም ልክ ነው። የቀሩት ዜሮ ሲሆኑ ለሁሉም ወጥቷል፣ እያንዳንዱም እኩል ወስዷል። አንድ ልጅ ከኋላ «ስንት ጊዜ አስኬድሽው?» ሲላት «አንድም ጊዜ» አለች። «ታዲያ በምን አወቅሽ?» ቢላት ጠመኔውን ወደ ሰሌዳው ቀሰረች። አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን ግን ብዙ አላየሁም።

በኋላ ማረጋገጫውን ዳፍኒ በተባለው፣ ፕሮግራም ውሉን መፈጸሙን በሚፈትሽ ነጻ የኮምፒውተር መሣሪያ ስናስፈትሽ አልቀበል አለን። ሁለት አባላት አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸው ድምሩ ይዛባል። ለእያንዳንዱ ዕጣ ቁጥር ሰጠንና አለፈ።

ያልተሳካልንም አለ። የዋሱን ደንብ በውል ብንጽፈውም አረጋግጠን አልጨረስንም። በዓመቱ አጋማሽ ሦስት ልጆች ክበቡን ለቀዋል። በተሳተፍንበት ዐውደ ርእይም ደረጃ አላገኘንም፤ ዳኞቹ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልገው ነበር። ላቦራቶሪያችን ካሉት 12 ኮምፒውተሮች የሚነሡት 4 ናቸው፤ ዳፍኒን የሚሸከም ግን አንድም የለም። አሥራ ስምንት ተማሪ በእኔ የግል ላፕቶፕ ላይ ተራ ጠብቋል። የኮምፒውተሮቹ የማስታወሻ (ራም) ማስፋፊያ እንዲገዛልን በጥቅምት ያስገባነው ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም። የጠየቅነው ለአራት ኮምፒውተሮች ብቻ ነው።

ለ2018 ዓ.ም. የያዝነው ሥራ የእኛን ቀን ወደ አውሮፓውያኑ፣ የእነሱንም ወደ እኛ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለሆነች የ2016 መስከረም 1 በእነሱ መስከረም 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ዋለ፤ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ብዙ ፕሮግራም ይሳሳታል። የውሉን የመጀመሪያ መስመር ያቺው ተማሪ ከወዲሁ ጽፋዋለች፦ «ሄዶ የተመለሰ ቀን ያው ቀን ይሁን»። እሷ በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት። ማረጋገጫውን ከመመረቋ በፊት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንድትፈትሸው የማስታወሻ ማስፋፊያው እስከ ጥቅምት ቢደርስልን ይበቃናል።