ቀለሙ በየት በኩል ነው የሚገባው?

ልጄ፣

ሐኪምሽ ቀለም (የውስጥ አካል ፎቶው ላይ ጎልቶ እንዲታይ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ) ያለው የአከርካሪ ምርመራ እንዳዘዘልሽ ከሰማሁ ወዲህ አንቺም እኔም እንቅልፍ አጥተናል። በስልክ ያስረዳሁሽ እንደሆነ ግማሹን አትሰሚኝም፤ ስትፈሪ እንዲያ ነሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ራጅ ክፍል ውስጥ የሸበተ አባት ካለሽ አይቀር ተጠቀሚበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ቀለሙ የሚገባው በክንድ ደም ስር ነው ወይስ በጀርባ? ሁለቱም «ኮንትራስት» ይባላሉ፤ ነገራቸው ግን ለየቅል ነው። ስንቱ በሽተኛ እሺ ብሎ ፈርሞ፣ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ይሄ ሁሌም ያናድደኝ ነበር።

በክንድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ነው። ቀለሙ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለበት። ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ሲጠረጠር ይጠቅማል፤ ኦፕራሲዮን የተደረገ ጀርባ ላይም ጠባሳውን እንደገና ከወጣ ዲስክ ይለያል። ተራ የዲስክ መንሸራተት ግን ያለ ቀለምም ይታያል፤ «ለምን አስፈለገኝ?» ማለት ነውር የለውም። የኩላሊት ችግር ካለም መናገር ግድ ነው።

ያንቺ ግን በጀርባ የሚገባው፣ ማዬሎግራም የሚባለው ይመስለኛል። ወገብሽ ውስጥ ያሉት ብሎኖች የኤምአርአዩን ምስል ያበላሹታላ።

በሆድሽ ወይም በጎንሽ ያስተኙሻል። ወገብሽን አጽድተው ያደነዝዙታል፤ የሚያቃጥለው ማደንዘዣው ነው። ከዚያ በራጅ እያዩ ቀጭን መርፌ ህብለ ሰረሰርን ወደከበበው ፈሳሽ ያስገባሉ። «ህብለ ሰረሰሬን ቢወጉትስ?» ብለሽኛል። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር አብዛኛውን ጊዜ 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል። መርፌው ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው የሚገባው፤ እዚያ ያሉት ፈሳሹ ውስጥ የተንጠለጠሉ የነርቭ ሥሮች ናቸው። እግርሽን ነዘር ካደረገሽ እንዳትወራጪ፤ በአፍሽ ተናገሪ። ቀለሙ እንዲሰራጭ አልጋውን ያዘነብሉታል፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ቀጥሎ ሲቲ ስካን።

ያ ያስፈራሽ፣ ቀለም ጀርባው ከገባ ወዲህ ሕመም አልለቀቀውም የተባለው የድሮ ሰው ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ፓንቶፔክ የሚባል ቀለም ዘይት ነበር። ሰውነት አያስወግደውም፤ ሐኪሙ በመርፌ መልሶ መምጠጥ ነበረበት። የቀረው እዚያው እየከረመ የነርቮቹን ሽፋን ያቆጣ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕመም የተረፋቸውም ነበሩ። የዛሬው፣ ለምሳሌ ኦምኒፔክ፣ አዮዲን ያለበት ሆኖ ውሃ የሚያሟሟው ነው። አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ይወጣል።

ሆኖም ለደም ስር የተሠራ ቀለም ሁሉ ለጀርባ ይሆናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ እዚያ በስህተት ከገባ ሰው ይገድላል፤ ለዚህ ነው ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው። «ለጀርባ የሚሆነው መሆኑን አይታችኋል?» በያቸው። ጎበዝ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

የምትወስጂውን መድኃኒት በሙሉ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። የደም ማቅጠኛ በተለይ፣ መርፌው የገባበት ቦታ ስለሚደማ። አንዳንድ የድብርትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ደግሞ ከቀለሙ ጋር ሆነው ለሚጥል ሕመም ሊያጋልጡ ስለሚችሉ ለጊዜው ያቋርጧቸው ይሆናል። በራስሽ ግን አንዱንም እንዳታቆሚ። አስም ካለሽ፣ ከዚህ በፊት ቀለም አሳክኮሽ ወይም አሳብጦሽ ከነበረ ተናገሪ። የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው አዮዲን አይወስድም የሚባለው ተረት ነው። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ደግሞ ለእኔ ባትነግሪኝም ለእነሱ ንገሪ።

ከጨረስሽ በኋላ የሚያስቸግረው ራስ ምታት ነው። ስትቀመጪ ወይም ስትቆሚ ይብሳል፣ ስትተኚ ይቀላል፤ መርፌው በበሳው ቀዳዳ ፈሳሽ ስለሚያፈስ ነው። ፈሳሽ እየጠጣሽ ካረፍሽ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል። እምቢ ካለ የራስሽን ደም ከክንድሽ ቀድተው ቀዳዳው አጠገብ ይወጉሻል፤ ረግቶ ይደፍነዋል። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ በከንቱ ሲሰቃይ ይሰነብታል። አተኛኘትን በተመለከተ አንዳንዱ ለጥቂት ሰዓታት ራስሽን ከፍ አድርጊ ይልሻል፣ አንዳንዱ ተዘርጊ። የሠሩልሽ ባለሙያዎች ያሉሽን አድርጊ፤ የጎረቤት ምክር ይቅርብሽ።

ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ከመጣ ግን ማደር የለም። በዚያው ሰዓት ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ቀኑን ሲነግሩሽ ደውዪልኝ። የዚያን ቀን መኪና መንዳት ስለማይፈቀድልሽ የምወስድሽም የምመልስሽም እኔ ነኝ፤ በዚህ አንከራከርም።

አባትሽ