የሞተር ሳይክል ጥገና ክበብ፦ አሮጊቷን ያስነሳንበት ዓመት

የክበባት ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ «በዓመቱ የሚከተሉት ተግባራት ተከናውነዋል» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ልጀምር ብዬ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። የኛ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት የሞተች ሞተር ሳይክል አስነሳ።

ያገኘናት ከአንድ የቀድሞ ተማሪያችን ቤተሰብ ነው። ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ቆማለች። «ከወሰዳችሁልን ውለታ ዋላችሁልን» ነው ያሉን። ከመረከባችን በፊት የሻንሲ (የአካሏ ብረት) ቁጥሯን ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር አመሳከርን። ልጆቹ «ቲቸር፣ በነፃ እየሰጡን ምን ያጨቃጭቃል?» ብለውኝ ነበር። ግን ሰነድ የሌላት ሞተር ሳይክል ብትጠገንም መንገድ ላይ አትወጣም። ያኔ ዓመት ሙሉ የምንለፋው ለቁራጭ ብረት ይሆናል።

ዓይነቷ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ሞዴሉ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ለጀማሪ ክበብ ከዚህ የተሻለ ይገኛል ብዬ አላምንም። ሲሠራም ጭነት የሚበዛበት፣ ጥገና ግን በቅጡ የማያገኝ ተጠቃሚ ታስቦ ነው። ቫልቮቹ፣ ማለትም ለሞተሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በሮች፣ የሚከፈቱት በሚገፉ ዘንጎች ነው። ስለዚህ ሞተሩ ውስጥ እየላላ የሚያስቸግር ሰንሰለት የለም። የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ ነው። የሒሳብ መምህራችን የሲሊንደሩን ወርድ 56.5፣ የፒስተኑን ምት 49.5 ሚሊ ሜትር ብለው ለልጆቹ ሰጡ፤ እነሱም ይዘቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ አሰሉት። 124 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ወጣ። «ታዲያ 125 ለምን ተባለ?» የሚለው ክርክር ግን ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

«አሮጊቷ» የሚለውን ስም ያወጡላት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ትንሽ ነበር። ከዚህ በላይ ማብራራት ርእሰ መምህሩን ማሳጣት ይሆንብኛል። እናም አንድ ደብተር ገዛንና ሁለት ገጽ ከፈትን። የመጀመሪያውን ገጽ «ካልሆነ አይሆንም» አልነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካቴና፣ ኬብሎች፣ መብራት እዚያ ገቡ። ሁለተኛው ገጽ «ቢሆን ደስ ይለናል» ነው። ቀለም፣ መቀመጫ፣ ዝቅ ያለ መሪ፣ የሚያምር ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)። ሕጉ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ተሰርዞ ሳያልቅ ለሁለተኛው ገጽ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ሕጉ በወጣ በሳምንቱ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ራሳቸውን «ቀለሞች» እና «ዘይቶች» ብለው ሰየሙ። ዓመቱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። እኔ በሁለቱም አልተወደድኩም።

መፍታቱ ቀላል መስሎን ነበር። የሞተሩን የጎን ክዳን የያዘ አንድ ብሎን ሁለት ስብሰባ በላብን። ጥፋቱ የኛ ነው። የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ብሎን አናቱ ላይ መስቀል ስላለው ማንኛውም ባለ መስቀል ካቻቢቴ የሚገባው ይመስላል። ቅርጹ ግን በጥቂቱ ይለያል። ተራው ካቻቢቴ ተንሸራቶ ጥርሱን ይበላዋል። ብዙውን ጊዜ አናቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ትኖረዋለች፤ ምልክቱ እሷ ናት። እኛ ነጥቧን ያየናት ጥርሱን ከጨረስነው በኋላ ነው። በመጨረሻ አናቱ ላይ በመጋዝ አዲስ መስመር ቀድደን አወጣነው። ከዚያ በኋላ የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥለን እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰካነው። ርዝመታቸው ስለሚለያይ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ክሩ ይበላሻል።

ሞተሩ ራሱ ደርቆ ነበር። መርገጫው አልንቀሳቀስ አለ። እዚህ ላይ ጉልበት የተረፈው ልጅ ሁሉ ተሰለፈ። አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ ይረዱናል፤ ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ጋሼ ሰልፉን በተኑት። ብልጭታ የምትሰጠውን ካንዴላ አስፈትተው በቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨመሩና «እስከ ሳምንት እንዳትነኳት» ብለው ሄዱ። ሳምንቱ ለልጆቹ አላልቅ አለ። በሳምንቱ ማርሽ አስገብተን የኋላ ጎማውን ወደፊት ወደኋላ በቀስታ ነቀነቅነው። በሦስተኛው ቅዳሜ «ቀጭ» አለ። የጮኸው ጩኸት ቤተ መጻሕፍት ድረስ ተሰምቶ ቅሬታ ቀርቦብናል።

ቀጥሎ ብልጭታ ፍለጋ ነበር። ካንዴላዋን ከኬብሏ ጋር ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈን ረገጥን። የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ሳልባትዮው ማለቴ ነው፣ ወልቆ ሌላ ክፍል ነበር። እሱ አጠገብ እያለ ይህ ሙከራ አይደረግም። ምንም ብልጭታ የለም። ፑንቲናውን፣ እየተነካካና እየተላቀቀ ብልጭታውን የሚያስነሳውን ክፍል፣ ከፈትነው። ሁለቱ መነካኪያዎች ነጭ ዱቄት ነገር ለብሰዋል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድተን ክፍተቱን 0.35 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምነው። ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ወጪ፦ ዜሮ። በዚያው የቫልቮቹን ክፍተትም አስተካከልን። በቀዝቃዛ ሞተር 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው።

ሳልባትዮው ውስጡ ዝጓል። በአቼቶ ሞልተን ለቀናት አሳደርነው። የቀረውን ዝገት እንዲፍቅ ደግሞ 20 ዳዶ ጨምረን ናጥነው። ዳዶዎቹን ቆጥሮ ማስገባት የኔ ሐሳብ ነበር፤ እኮራበታለሁ። ሲወጡ 19 ሆኑ። ሃያኛውን በክር በታሰረ ማግኔት ስናጠምድ አንድ ሰዓት ፈጀን። ከዚያ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ሽረን፣ አጥበን፣ ወዲያው አደረቅነው። «ወዲያው» የሚለውን ያሰመርኩበት በምክንያት ነው። ከአሲድ የወጣ እርጥብ ብረት እያየኸው መልሶ ይዝጋል። ስለዚህ ውስጡን በትንሽ ዘይት አጠብነው።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ስንከፍት የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ተጣብቆበት ነበር። በመርፌ እንዳይነኩት ከለከልኩ። ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ስፋት በጥንቃቄ የተለካ ነው፤ ትንሽ ከሰፋ ልኩ ይጠፋል። በማጽጃ ዘፍዝፈን በአየር ነፋንበት።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ግቢ ውስጥ፣ ደጅ አውጥተን ረገጥናት። ክፍል ውስጥ የማናስነሳት ጭሱ ስለሚገድል ነው። በአሥራ አንደኛው ርግጫ ተነሳች። ለአርባ ሰከንድ ያህል ሠርታ ጠፋች። የቤንዚን መክፈቻውን ረስተነዋል።

ከዚህ በኋላ «ቀለሞች» ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ተነስታለች እኮ! የመጀመሪያው ገጽ ግን ገና ግማሹም አልተሰረዘም። በተለይ ጎማዎቹ ላይ ትልቅ ግብግብ ነበር። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ አዲስ ይመስላሉ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አነበበ። 3209 ይላል። በ2009 እ.ኤ.አ.፣ በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጎማውን ትንሽ ስናጥፈው ደቃቅ ስንጥቅ ሞልቶታል። ከገንዘባችን ከግማሽ በላይ የሄደው ለሁለት ጎማ፣ ለፍሬን ሸራ እና ለካቴና ነው። ማንም ፎቶ የማያነሳው ነገር።

ፍሬኑን የሠራችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከኔ በላይ ጠንቃቃ። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አይነፋም፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ይህንን አንድ ጊዜ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው አጠገብ ሆኖ «ኡፍ» ያለ ሁሉ ከሷ ጋር ተጣልቷል።

ሁለተኛው ገጽ የተከፈተው ሁለተኛው መንፈቅ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እዚህ አንድ ተጨማሪ ሕግ አወጣሁ። የምንለውጠው ነገር ሁሉ በብሎን ተፈትቶ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። «ቀለሞች» የኋላ ሻንሲውን ቆርጠው ጭራዋን ማሳጠር ፈልገው ነበር። የኋላ አሞርዛተሮቹ (መንገጫገጩን የሚያበርዱት) ላይኛው ጫፍ የታሰረው እዚያ አካባቢ ነው። መጋዙን ደብቄዋለሁ።

መቀመጫው ያለ ወጪ ነው የተሠራው። የድሮውን ቆርቆሮ አስቀርተን አሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በቢላ ቀረጽን። ልባሱ ከተቀደደ የቆዳ ጃኬት ጀርባ ነው። የሰፋው ልጅ «ዘይቶች» ውስጥ መሆኑ ቀለሞችን ትንሽ አሳፍሯቸዋል።

መሪውም በነፃ ነው። ገልብጠን አሰርነው፤ ዝቅ ያለ የእሽቅድምድም መልክ ሰጣት። ሁላችንም ወደድነው። ጋሼ ግን ሞተሩን አስነስተው መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞሩት። ሞተሩ ብቻውን መጮህ ጀመረ። ከመሪው እጀታ ነዳጅ የሚሰጠው ኬብል ተወጥሮ ማለት ነው። መታጠፊያ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ኬብሉን በሌላ መንገድ አሳልፈን ሁለቱንም ጫፍ ደጋግመን ሞከርን።

«ዘይቶች»ም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ለድምፁ ብለው የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቀው ክፍት ማጣሪያ ገጠሙ። ድምፁ አማረ። ጉልበቷ ግን ጠፋ፤ ነዳጅ ሲሰጧት ታመነታለች፣ በማርሚታዋ ትተኩሳለች። ካንዴላዋን አውጥተን ስናይ ነጭ ሆናለች። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። ካርቡሬተሩ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ጄት እየለዋወጡ መሞከር ይቻል ነበር፤ እያንዳንዱ ግን ገንዘብ ነው። ሳጥኑ ተመለሰ።

ሻንሲውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ ፀረ ዝገት ቀብተን፣ ጥቁር ቀለም ነፋንበት። በጣም አምሮ ነበር። ገጣጥመን ማብሪያውን ስንጫን መብራቱ እንደ ጧፍ ሆነ። ሁለት ቀን አምፖልና ሽቦ ስንጠረጥር ከረምን። መጨረሻ ላይ ቴስተሩ ነገረን። የኔጌቲቩ ሽቦ የሚታሰርበትን ቦታም ቀለም ቀብተነዋል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የአዝራር ያህል ፍቀን አሰርነው፤ በራ። የኛዋ በ6 ቮልት ስለምትሠራ ችግሩ ይብስባታል። ለምሳሌ 30 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 2.5 አምፔር ሲፈልግ በ6 ቮልት 5 አምፔር ይፈልጋል። ትንሽ መጥፎ ግንኙነት ብዙ ብርሃን ይበላል። ይህን ቀመር ክፍል ውስጥ ለሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እንደዚያን ቀን የገባቸው አይመስለኝም።

የሳልባትዮው ቀለም ግን የኔ ጥፋት ነው። በመጨረሻ ከላይ የሚነፋውን ርካሽ የሚያብረቀርቅ ቀለም ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። ቤንዚን እንደማይችል ማወቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያ ቀን ስንሞላ ከመክፈቻው ትንሽ ፈሰሰና ቀለሙ እንደ ወተት ቆዳ ተጨማደደ። የመዳፍ ያህል ቦታ።

ለዓመቱ ማብቂያ ጋሼ የራስ ቁር አጥልቀው ግቢውን አራት ጊዜ ዞሩባት። መንጃ ፈቃድ ያላቸው እሳቸው ስለሆኑ ተማሪዎቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ ጥቂቶቹ አኩርፈዋል። ፍሬኑን የሠራችው ልጅ ዓይኗን ከኋላ ጎማው ላይ አልነቀለችም።

በቀረችን ሳንቲም ሳልባትዮውን እንደገና እንቀባ ወይስ የተቃጠለውን የኋላ መብራት አምፖል እንግዛ ብለን ድምፅ ሰጠን። ለአምፖሉ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው የ«ቀለሞች» መሪ ናት። ጭምድዱ እዚያው አለ። የደብተሩ «ካልሆነ አይሆንም» ገጽ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ያደረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ኬብል።