ያቋረጥነውንም መጽሐፍ እንናገር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጋዜጣችሁ አንባቢዎች በእጃቸው ስላለው መጽሐፍ የሚሰጡትን አስተያየት ማውጣቱ ተገቢ ነው፤ አስተያየቶቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ምስጋና ናቸው። «ግሩም ነው፣ ሁሉም ሊያነበው ይገባል» የሚል ቃል ለገዢ ምንም አይነግረውም። የመጽሐፍ ዋጋ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሰው ማወቅ የሚፈልገው የቱ ምዕራፍ እንደያዘን፣ የቱ ጋ እንደሰለቸን፣ ትርጉም ከሆነም አማርኛው ይነበብ እንደሆነ ነው።

በቅርቡ ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት ልብ ወለድ ኅዳጉ ላይ የሁለት ሰዎች ጽሕፈት ነበረበት። አንዱ በእርሳስ «ይህቺ ሴት እንዲህ አትልም» ብሏል፤ ሌላው ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «እናቴ ልክ እንዲህ ነበር የምትለው» ሲል መልሶለታል። (ከደራሲው ይልቅ እነሱን አነበብኩ ማለት ይቻላል።) አስተያየት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ዓምዱ አዲስ በተመረቁ መጻሕፍት ላይ ብቻ ማተኮሩ ነው፤ መጽሐፍ ግን ከታተመ ከዓመታት በኋላም ሰው ጋ ይደርሳል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ላልቆጠረው ሳይቀር የደረሰው ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው።

ስለዚህ በየሳምንቱ ሩብ ገጽ ይመደብ። አንባቢው የመጽሐፉን ርእስ፣ የታተመበትን ዓመትና የደረሰበትን ገጽ ጠቅሶ፣ የወደደበትን ወይም ያቋረጠበትን አንድ ቦታ ከ50 በማይበልጡ ቃላት ያስረዳ። ደራሲው ወይም አሳታሚው ያስላከው ምስጋና ግን አይስተናገድ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ